የሞተር ሳይክል የኋላ ማቆሚያ

የሞተር ሳይክል የኋላ ማቆሚያ የሞተር ሳይክልን የኋላ ጎማ ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ተሽከርካሪው ወደ ጎን ሳያጋድል ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርግ የጥገና መሣሪያ ነው። ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ቱቦ የሚሠራ ሲሆን ከላይ ሲታይ የፈረስ ጫማ የመሰለ ቅርጽ አለው። ክፍት ጎኑ የኋላውን ጎማ ከግራና ከቀኝ ያቅፈዋል፤ በስተኋላ ያለው እጀታ ወደ መሬት ሲጫኑት ጎማው ይነሣል። ሰንሰለት ለማጽዳትና ዘይት ለመቀባት፣ የሰንሰለትን ልልነት ለማስተካከል፣ ጎማ ለማውለቅ፣ የኋላ ፍሬን ለመጠገንና ሞተር ሳይክልን ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ ያገለግላል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ሞተር» የሚለው ቃል ኃይል አመንጪውን ክፍል ብቻ ያመለክታል። በዕለት ተዕለት ንግግር «ሞተር» ሲባል ብዙ ጊዜ መላው ሞተር ሳይክል ማለት ስለሆነ፣ በተለይ ከታች በሚመጣው «ሞተሩ ይጥፋ» በሚለው ማስጠንቀቂያ ላይ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ስምና አመጣጥ

መሣሪያው በብሪታንያ «ፓዶክ ስታንድ» ይባላል። ፓዶክ በመጀመሪያ ፈረሶች የሚለቀቁበት የታጠረ ግቢ መጠሪያ ነበር፤ በኋላ በውድድር ሜዳ ላይ የተወዳዳሪ ቡድኖች ተሽከርካሪዎቻቸውን የሚያዘጋጁበት ቦታ ስም ሆነ። የማቆሚያው ስም ከዚያ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የውድድር ሞተር ሳይክል ክብደት ለመቀነስና ወደ ጎን ሲያጋድል አስፋልቱን የሚነካ ነገር እንዳይኖረው ሲባል የጎን መቆሚያም ሆነ የመሃል መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ከትራኩ ሲወጣ የሚያቆመው ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ብቻ ነው። በተጨማሪም ከውድድር በፊት ጎማዎቹ በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሚሞቁ፣ ሁለቱም ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው መቆየት አለባቸው። ለ24 ሰዓት በሚካሄዱ የጽናት ውድድሮች ላይ ደግሞ ጎማ የሚቀየረው በሴኮንዶች ውስጥ ስለሆነ፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚያነሣ ማንሻ የግድ ነው። ከውድድር ሜዳ ወደ ተራው አሽከርካሪ ጋራዥ የገባውም የመሃል መቆሚያ የሌላቸው የስፖርት ሞተር ሳይክሎች በመበራከታቸው ነው።

ከሌሎች መቆሚያዎች የሚለይበት

የጎን መቆሚያ ሞተር ሳይክሉን ወደ ግራ አጋድሎ ያቆማል እንጂ ጎማ አያነሣም። የመሃል መቆሚያ ደግሞ ከሻሲው ጋር የተያያዘ ባለ ሁለት እግር ሲሆን፣ ሞተር ሳይክሉን ከመሃሉ ያነሣዋል። የኋላ ማቆሚያ ከሁለቱም የሚለየው ክብደቱን የሚቀበለው ከሻሲው ሳይሆን ከኋላ ክንድ መሆኑ ነው። የኋላ ክንድ፣ በብዙዎች ዘንድ ስዊንግ አርም የሚባለው፣ የኋላውን ጎማ ተሸክሞ ከሻሲው ጋር በማጠፊያ የሚገናኝ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ክፍል ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በጥገና ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሞተር ሳይክሉ በመሃል መቆሚያ ሲቆም የኋላው ጎማ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሞላው ይለጠጣል፣ ክንዱም ወደ ታች ይወርዳል። በኋላ ማቆሚያ ላይ ሲቆም ግን ክንዱ ራሱ ስለሚደገፍ የሞተር ሳይክሉ ክብደት እንደ ወትሮው ሞላውን ተጭኖት ይቆያል። የሰንሰለት ልልነት ደግሞ በክንዱ አቋም የሚወሰን ነው። የፊተኛው ጥርሳማ ማርሽ መሃል፣ የክንዱ ማጠፊያና የኋላው አክስል በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሲሆኑ ሰንሰለቱ ከሁሉ በላይ ይወጠራል፤ ክንዱ ከዚያ መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ይላላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሞተር ሳይክሉን በመሃል መቆሚያ አቁሞ፣ የጎን መቆሚያ ላይ እንዲለካ የተጻፈውን ልክ ቢጠቀም ሰንሰለቱን ከሚገባው በላይ ሊያጠብቅ ይችላል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ሰንሰለት በጉድጓድ ላይ ክንዱ ሲነሣ የሚለጠጥበት ቦታ ስለማያገኝ የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ዘንግ ኩሽኔታና የጎማውን ኩሽኔታ ይጎዳል፤ ብሶበት ሊበጠስም ይችላል። የአምራቹ መመሪያ ልኬቱ በየትኛው አቋም እንደሚወሰድ የሚጽፈው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ክብደቱ ያረፈው በኋላ ክንድ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ማቆሚያ ላይ ክንዱን ራሱን ወይም የኋላውን ሾክ ማውለቅ አይቻልም። ሾኩ ሲፈታ ሻሲው የሚደገፍበት ነገር ያጣና ወደ ታች ይወድቃል። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከሻሲው የሚያነሣ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

አሠራሩ

የኋላ ማቆሚያ በትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚታወቀው የማንሻ ሕግ ቀላል ምሳሌ ነው። መሽከርከሪያ ነጥቡ በማቆሚያው ግራና ቀኝ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች ናቸው። ሸክሙ የሚያርፈው ከእነርሱ በላይ በቆሙት አጫጭር ክንዶች ጫፍ ላይ ሲሆን፣ የሰው ጉልበት የሚያርፈው በረጅሙ እጀታ ላይ ነው።

ለምሳሌ 200 ኪ.ግ. የሚመዝን ሞተር ሳይክል ክብደቱ በሁለቱ ጎማዎች ላይ እኩል ቢከፈል በኋላው ጎማ ላይ 100 ኪ.ግ. ያርፋል። ሸክሙ ከማቆሚያው ጎማዎች በአግድም 10 ሳ.ሜ. ቢርቅና እጀታው 60 ሳ.ሜ. ቢርቅ፣ እጀታው ላይ የሚያስፈልገው ጫና 100 በ10 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል የሚገኘው ወደ 17 ኪ.ግ. የሚጠጋ ክብደት ነው። ይህን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሊጫነው ይችላል። እጀታው እየወረደ ሲሄድ ሸክሙ ወደ ጎማዎቹ አናት ስለሚቀርብ አግድም ርቀቱ ያጥራል፤ ስለዚህ ሥራው እየቀለለ ይሄዳል። በጣም ከባዱ የመጀመሪያው ቅጽበት ነው።

እጀታው መሬት ሊነካ ሲል ሸክሙ የጎማዎቹን አናት አልፎ ትንሽ ወደ እጀታው በኩል ይሸጋገራል። ከዚህ በኋላ የሞተር ሳይክሉ ክብደት ራሱ እጀታውን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ማቆሚያው ያለ ምንም ቁልፍ ወይም ማሰሪያ በቦታው የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ጥበብ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሞተር ሳይክሉን ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ሸክሙን እንደገና ከጎማዎቹ አናት ወደ ፊት ካሻገረው፣ እጀታው ተነሥቶ ሞተር ሳይክሉ ከማቆሚያው ይወርዳል። በኋላ ማቆሚያ ላይ ያለ ሞተር ሳይክልን ከኋላው መግፋት፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት መወዝወዝ ወይም የአክስል ብሎን ወደ ፊት በሚስብ አቅጣጫ በጉልበት መጎተት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዓይነቶች

ማቆሚያዎች በዋናነት የሚለያዩት ክንዱን በሚይዙበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ጫፉ እንደ ሹካ የተከፈለ መያዣ አለው። ይህ መያዣ የሚገባው በኋላ ክንዱ ግራና ቀኝ በብሎን በሚታሰሩ፣ መሃላቸው ቀጠን ብሎ ጫፋቸው ሰፋ ባለ ትናንሽ ጉብታዎች ሥር ነው። ጉብታዎቹ የክር ማጠንጠኛ ስለሚመስሉ በእንግሊዝኛው አጠራር ስፑል ይባላሉ። ሹካው በስፑሉ ቀጭን ወገብ ላይ ስለሚቀመጥ ሞተር ሳይክሉ ወደ ጎን አይንሸራተትም። ብዙ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች ከፋብሪካ ሲወጡ ስፑል የሚታሰርበት ባለ ጥርስ ቀዳዳ በክንዳቸው ላይ አላቸው። የብሎኑ ውፍረት ከአምራች አምራች ይለያያል፤ 6፣ 8 እና 10 ሚ.ሜ. የተለመዱት ናቸው። ብዙ የያማሃ ሥሪቶች 6 ሚ.ሜ.፣ ብዙ የሱዙኪ ሥሪቶች ደግሞ 8 ሚ.ሜ. ይጠቀማሉ፤ ሆኖም በአንድ አምራች ሥር እንኳ ልዩነት ስላለ ከመግዛት በፊት ቀዳዳውን መለካት ይበልጣል። የማይስማማ ብሎን በግድ ማስገባት የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። ያ ደግሞ ስፑሉን መጣል ብቻ አይደለም፤ ክንዱን ቶርኖ ቤት መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በላስቲክ የተሸፈነ ጠፍጣፋ መደገፊያ አለው። መደገፊያው ከክንዱ በታች ገብቶ ከሥር ይሸከማል። ስፑል ማሰሪያ ለሌላቸው ሞተር ሳይክሎች የሚያገለግል ሲሆን ጥቅሙ ምንም ተጨማሪ ዕቃ አለመፈለጉ ነው። ድክመቱ ክንዱን የሚይዘው የላስቲክና የብረት ግጭት ብቻ መሆኑ ነው፤ ላስቲኩ ዘይት ከነካው ወይም የክንዱ ሥር ተዳፋት ከሆነ ሊንሸራተት ይችላል። ሁለቱን የማነጻጸር ዕድል ያለው ሰው ስፑሉን ቢመርጥ አይሳሳትም። ብዙ ማቆሚያዎች ሁለቱም መያዣዎች እየተቀያየሩ እንዲገቡባቸው ሆነው ይሠራሉ።

ሦስተኛው ዓይነት የኋላው ጎማ በአንድ ጎን ብቻ በተያዘባቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚያገለግል ነው። እነዚህ አክስላቸው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ማቆሚያው ወፍራም ዘንግ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያስገባና ከአንድ ጎን ያነሣቸዋል። ጎማው በሌላው ጎን ሙሉ በሙሉ ነጻ ስለሆነ አንድ ትልቅ ብሎን ብቻ ፈትቶ ማውለቅ ይቻላል። ሐሳቡ በጽናት ውድድር ላይ ጎማ ለመቀየር የሚያመች በመሆኑ የተስፋፋ ሲሆን፣ ሆንዳ በ1980ዎቹ ፕሮ አርም በሚል ስም በመንገድ ሞተር ሳይክሎቹ ላይ አውሎታል፤ አርሲ 30 በመባል የሚታወቀው የ1987 ሥሪት ከዝነኞቹ አንዱ ነው። በ1994 የወጣው ዱካቲ 916ም እንዲሁ ባለ አንድ ጎን ክንድ ነበር። ዱካቲ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሙን ደጋግሞ ቀይሯል፦ በ2003 የተተካው 999 ባለ ሁለት ጎን ሆነ፣ በ2007 የመጣው 1098 ወደ አንድ ጎን ተመለሰ፣ የ2025 ፓኒጋሌ ቪ4 ደግሞ እንደገና ወደ ሁለት ጎን ዞሯል። አዲሱን ሥሪት የገዛ የቆየ ደንበኛ የድሮ ማቆሚያውም አብሮ ጡረታ ይወጣል ማለት ነው። የዘንጉ ውፍረትም ከሥሪት ሥሪት ስለሚለያይ፣ ባለ ዘንግ ማቆሚያ ለሁሉም የሚሆን ተብሎ አይገዛም።

ሲመረጥ የሚታይ

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ማቆሚያው ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ሞተር ሳይክሉ የመሃል መቆሚያ ካለው ሰንሰለት ለማጽዳትና ጎማ ለማውለቅ ያው በቂ ነው። በሰንሰለት ፈንታ በዘንግ የሚነዱ ሞተር ሳይክሎችም የሚቀባ ሰንሰለት ስለሌላቸው ፍላጎታቸው አነስተኛ ነው።

የሚያስፈልግ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ስፋቱ ነው። በሁለቱ መያዣዎች መካከል ያለው ርቀት መስተካከል የሚችል መሆን አለበት። ሲስተካከልም መያዣዎቹ ክንዱን ሳያፋትጉ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲጠጉት ይደረጋል፤ በጣም ከተራራቁ ሹካው ከስፑሉ ወገብ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱ ጎኖች እኩል መውጣታቸውን በዓይን ሳይሆን በሜትር ማረጋገጥ ጥሩ ነው፤ አንዱ ከሌላው ከበለጠ ሞተር ሳይክሉ ከማቆሚያው መሃል ላይ አይሆንም። ማርሚታው ወደ ታች የወረደ ወይም የኋላ ፓራፋንጎው የረዘመ ከሆነ እጀታው ሲወርድ እንዳይነካቸው መመልከት ያስፈልጋል።

የማቆሚያው ጥንካሬ የሚታወቀው ከቀለሙ ሳይሆን ከብየዳው ነው። ስብራት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አጫጭሮቹ ክንዶች ከዋናው ቱቦ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው። ብየዳው ወጥ፣ ቀዳዳ የሌለውና ቱቦውን ዙሪያውን የከበበ መሆን አለበት። ያለ ሸክም መሬት ላይ ሲቀመጥ ሁለቱም ጎማዎችና የእጀታው ጫፍ እኩል መሬት መንካት አለባቸው፤ የሚናጥ ማቆሚያ ተጣሟል። ብረት ከባድና ርካሽ ሲሆን ከመሰበሩ በፊት ስለሚጎብጥ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ መኪና ላይ ጭኖ ወደ ውድድር ለሚሄድ ሰው ይመቻል፤ ቤት ለሚቀመጥ ማቆሚያ ግን ቅለቱ የሚያስከፍለውን ያህል ጥቅም የለውም። የማቆሚያው ጎማ ሰፊና ጠንካራ ቢሆን ይመረጣል፤ ትንሽ ጎማ በጠጠር ላይ ይያዛል።

ስፑሎቹ ከአሉሚኒየም ወይም ከጠንካራ ናይለን ይሠራሉ፤ በውስጣቸው የሚያልፈው ብሎን ግን የብረት መሆን አለበት። ክብደቱን የሚሸከመው እርሱ ነውና። ብሎኑ ከመጠን በላይ ረዝሞ የቀዳዳውን መጨረሻ ከነካ፣ የጠበቀ ቢመስልም ስፑሉ ይላላል።

አጠቃቀም

ሥራው የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ቦታው ደልዳላ፣ ጠንካራና ከጠጠር የጸዳ መሆን አለበት። አፈር ላይ የማቆሚያው ጎማዎች ይሰምጣሉ፤ ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልት ላይም እንዲሁ። ውሃ ወይም ዘይት የፈሰሰበት ሴራሚክ ያንሸራትታል።

የአክስሉ ብሎን የሚፈታ ከሆነ ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ መላላት አለበት። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ይህ ብሎን ከ90 እስከ 110 ኒውተን ሜትር በሚደርስ ኃይል የሚጠብቅ ሲሆን፣ ያን ያህል ጉልበት በማቆሚያ ላይ ባለ ሞተር ሳይክል ላይ ማዋል ከላይ የተገለጸውን ወደ ፊት የመሻገር አደጋ መጋበዝ ነው። ተመልሶ ሲታሰርም የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ቢደረግ ይመረጣል።

ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይነቀላል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሆናል። የጎን መቆሚያው ግን እንደተዘረጋ ይቆያል፤ በጠቅላላው ሥራ ጊዜ አይታጠፍም። ማቆሚያው ከኋላ ተጠግቶ እጀታው ወደ ላይ እንደተነሣ መያዣዎቹ ከስፑሎቹ ሥር ይገባሉ። ሞተር ሳይክሉ ወደ ግራ ስላጋደለ የግራው ስፑል ዝቅ፣ የቀኙ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ማቆሚያውም አብሮ እንዲያጋድል ይደረጋል፦ ሁለቱም ሹካዎች ስፑሎቻቸውን ሲይዙ የማቆሚያው ቀኝ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ይቆያል። ከዚያ አንድ እጅ የኮርቻውን ጭራ ወይም የኋላውን መያዣ ይዞ፣ ሌላው እጅ እጀታውን ሲጫን ማቆሚያው ይስተካከላል፤ ሞተር ሳይክሉም ቀጥ ይላል። በዚህ ቅጽበት ትንሽ ቆም ብሎ ሁለቱም ሹካዎች በትክክል መግባታቸውን ጎንበስ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ከዚያ እጀታው በቀስታ፣ ሳይቋረጥ እስከ መሬት ድረስ ይወርዳል። ሞተር ሳይክሉ ወይም ማቆሚያው ጥቂት ሳንቲ ሜትር መንከባለሉ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ይህን ብቻውን ባያደርግ ይመከራል። አንድ ሰው በግራ በኩል ቆሞ መሪውንና ኮርቻውን ሲይዝ ሌላው ማቆሚያውን ይጫናል። ረዳት ከሌለ ሞተር ሳይክሉን በቀኙ በኩል ከግድግዳ አጠገብ አቁሞ መለማመድ ይቻላል፤ ቢወድቅ እንኳ ግድግዳው ይቀበለዋል።

ከተነሣ በኋላ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የኋላው ጎማ አየር ላይ ስለሆነ ሞተር ሳይክሉን ማርሽ ውስጥ ማስገባት ከመንከባለል አያግደውም። መሬት የነካው የፊት ጎማ ብቻ ስለሆነ የሚያቆመውም የፊት ፍሬን ብቻ ነው። የፊት ፍሬኑን ማንሻ በጎማ ማሰሪያ ወይም በቀበቶ ከእጀታው ጋር ማሰር ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ማውረዱ ከማንሣቱ የሚቀል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ሞተር ሳይክል የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ነው። በጣም የተለመደው ስሕተት በሥራ መካከል የጎን መቆሚያውን አጥፎ፣ ሲወርድ መዘርጋቱን መርሳት ነው። እጀታው ሲነሣ ጎማው መሬት ይነካል፣ ሞተር ሳይክሉ እንደለመደው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የሚቀበለው እግር ግን የለም። 200 ኪ.ግ. ማዘንበል ከጀመረ በኋላ በአንድ እጅ አይመለስም። እጀታውን ከመንካት በፊት የጎን መቆሚያውን በዓይን ማየት ብቻ ሳይሆን በእግር ገፋ አድርጎ ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱን ማረጋገጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሰንሰለትና ጣት

የኋላ ማቆሚያ የሚያስከትለው ከባዱ አደጋ የሞተር ሳይክሉ መውደቅ አይደለም። ጎማው በነጻ ስለሚሽከረከር፣ ሞተሩን አስነሥቶ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ሰንሰለቱ በራሱ እየዞረ በጨርቅ መጥረግ ለብዙዎች ብልሃት ይመስላቸዋል። በዚህ መንገድ ጣታቸውን ያጡ አሽከርካሪዎችና መካኒኮች ብዙ ናቸው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሞተሩ ቤንዚን ሳይሰጠው ዝግ ብሎ በደቂቃ 1,300 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ በአንደኛ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ 14 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል እንበል። ጎማው በሴኮንድ አንድ ተኩል ዙር ያህል ይዞራል ማለት ነው። የኋላው ማርሽ 43 ጥርስ ቢኖረውና የሰንሰለቱ አንድ ክፍል 15.875 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ በአንድ ዙር 68 ሳ.ሜ. ያህል፣ በሴኮንድ ደግሞ 1 ሜትር ያህል ሰንሰለት ያልፋል። ከማርሹ 10 ሳ.ሜ. ርቀት ላይ ጨርቁ የተያዘበት ሰው እጁ ማርሹ ጋ የሚደርሰው በአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ነው። ሰው አንድን ነገር አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ የዚህ እጥፍ ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል። መጠንቀቅ እዚህ ላይ አያድንም፤ ፈጣን እጅም አያድንም።

ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ጎማው በእጅ ይዞራል። የሚዞርበት አቅጣጫም ልዩነት አለው። ጎማው ወደ ፊት ሲዞር የታችኛው የሰንሰለት መስመር ወደ ኋላ ሄዶ በማርሹ ሥር ይገባል፤ በታችኛው መስመር ላይ ያለ እጅ ወደ ጥርሶቹ ይወሰዳል። ወደ ኋላ ሲዞር ግን የታችኛው መስመር ከማርሹ እየራቀ ወደ ፊት ይሄዳል። ሰንሰለት በሚጠረግበት ጊዜ ጎማውን ወደ ኋላ ማዞር፣ ጨርቁንም በታችኛው መስመር ላይ መያዝ የተለመደው ለዚህ ነው። በእጅ የሚዞር ጎማም ቢሆን በፍጥነት ከተገፋ ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል፣ በአንድ እጅ እየገፉ በሌላው መጥረግ ሳይሆን ገፋ አድርጎ፣ አቁሞ፣ ጠርጎ መቀጠል ይሻላል።

የጎን መቆሚያውን ዘርግቶ መተው እዚህም ይረዳል። በብዙ ዘመናዊ ሞተር ሳይክሎች የጎን መቆሚያው ተዘርግቶ እያለ ማርሽ ከገባ ሞተሩ እንዲጠፋ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። አንዳንድ ሰዎች ሞተሩ እንዳይጠፋባቸው ሲሉ መቆሚያውን ያጥፉታል፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ጥበቃ ማንሣታቸው ነው። የኋላው ጎማ ብቻውን በሞተር ኃይል ሲዞር የፊቱ ስለማይዞር የኤቢኤስ ማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራም ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ብልሽት ሳይሆን ሁለቱ የፍጥነት መለኪያዎች ስላልተስማሙ የሚመጣ ነው።

በማቆሚያው ላይ የሚሠሩ ሥራዎች

ሰንሰለት ላይ ከማጽዳትና ከመቀባት በተጨማሪ እርጅናውን መለካት ይቻላል። መካከለኛና ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች በሚጠቀሙባቸው 520፣ 525 እና 530 በሚባሉ ሰንሰለቶች ላይ የአንዱ ክፍል ርዝመት 15.875 ሚ.ሜ. ስለሆነ፣ 20 ክፍሎች አዲስ ሲሆኑ 317.5 ሚ.ሜ. ይሆናሉ። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ሲለካ ከ319 እስከ 323 ሚ.ሜ. ባለው ክልል፣ እንደ አምራቹ መመሪያ፣ የሚጣልበት ወሰን ይደርሳል። አንድ ተኩል ወይም አምስት ተኩል ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ100 በላይ ክፍሎች ባሉት ሰንሰለት ላይ ሲደመር ሰንሰለቱ በማርሹ ጥርሶች ላይ እንዲጋልብ ያደርገዋል። ጎማውን ቀስ እያሉ በማዞር ልልነቱን በተለያየ ቦታ መለካትም ጠቃሚ ነው፤ በአንድ ቦታ የሚጠብቅና በሌላ የሚላላ ሰንሰለት እኩል አላረጀም። የሚስተካከለውም በጠበቀበት ቦታ ተለክቶ ነው። በብዙ የአስፋልት ሞተር ሳይክሎች የታችኛው መስመር መሃል ወደ ላይና ወደ ታች ከ25 እስከ 35 ሚ.ሜ. እንዲንቀሳቀስ ይፈለጋል፤ በገጠር መንገድ የሚሄዱና ሞላቸው ረጅም የሆኑት ከዚህ የበለጠ ይፈልጋሉ።

የጎማ ኩሽኔታ ማርጀቱም በዚሁ ጊዜ ይታወቃል። ጎማውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዘውዙት የሚንኳኳ ከሆነ፣ ወይም ሲዞር የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው መቀየር አለበት። ቸርኬው መጣመሙን፣ የፍሬን ዲስኩ መሳሳቱን፣ ጎማው ውስጥ ምስማር መሰካቱን ማየትም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሞተር ሳይክሉ ለወራት የማይነዳ ከሆነ ደግሞ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ቢቆይ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከመሆን ይድናል።

የፊት ማቆሚያ

የፊት ጎማን የሚያነሣ ተመሳሳይ መሣሪያ አለ። አንዱ ዓይነት የፊት ሹካዎቹን እግር ከሥር ይደግፋል፤ ሌላው ዘንጉን ከመሪው አንገት ሥር ባለው ቀዳዳ ያስገባል፤ ሹካዎቹን ራሳቸውን ለማውለቅ የሚቻለው በሁለተኛው ብቻ ነው። ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የኋላው ስለሆነ ምንጊዜም የኋላው መጀመሪያ ይነሣል፣ የፊቱ መጀመሪያ ይወርዳል። የፊት ማቆሚያን ብቻውን መጠቀም ሞተር ሳይክሉን ለመጣል ቅርብ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታዩት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያላቸው የሥራ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የመሃል መቆሚያ ስላላቸው የኋላ ማቆሚያ አያስፈልጋቸውም። (ባጃጅ የሚለው ስም በኢትዮጵያ ለባለ ሦስት እግሩ ታክሲ ስለተሰጠ፣ ያው ኩባንያ ሞተር ሳይክል እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ግራ ሊያጋባ ይችላል።) የእነዚህ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ሰንሰለት በአብዛኛው 428 የሚባለው ነው፤ የአንዱ ክፍል ርዝመት 12.7 ሚ.ሜ. ስለሆነ 20 ክፍሎች አዲስ ሲሆኑ 254 ሚ.ሜ. ይሆናሉ። ከላይ የተጻፈው 317.5 ሚ.ሜ. ለእነርሱ አይሠራም።

የመሃል መቆሚያው የተሰበረ ወይም ጭራሹኑ የሌለው ሞተር ሳይክል ሲመጣ፣ ጉማጅ እንጨት ወይም ድንጋይ ከሞተሩ ሥር ማስገባት የተለመደ ዘዴ ነው። ጎማ ለመለጠፍ ያህል ሊያገለግል ቢችልም ክብደቱ የሚያርፈው በዘይት መያዣው ክዳን ወይም በማርሚታው ቱቦ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጠገኛው ይልቅ ማበላሻው ሊበልጥ ይችላል። ደህና ብየዳ ቤት ካለ የኋላ ማቆሚያ በአገር ውስጥ ማሠራት አስቸጋሪ አይደለም። ቱቦው ወፍራም ግድግዳ ያለው ይሁን፤ ለመቀመጫና ለጠረጴዛ እግር የሚውለው ስስ ቱቦ አይበቃም። ከሁሉ በላይ ሊሳት የማይገባው ልክ የመያዣዎቹና የጎማዎቹ አቀማመጥ ነው፦ እጀታው መሬት ላይ ሲያርፍ መያዣዎቹ ከጎማዎቹ አናት ትንሽ ወደ እጀታው በኩል ማለፍ አለባቸው። በጣም ካለፉ ለማውረድ ከባድ ጉልበት ይጠይቃል፤ ካላለፉ ማቆሚያው ባገኘው ትንሽ ግፊት ይገለበጣል። በያጁ ዕቃውን ከመጨረሱ በፊት በነጥብ ብቻ አያይዞ፣ ሁለት ሰዎች ሞተር ሳይክሉን ይዘውለት አንድ ጊዜ ቢሞክረው ይሻላል።